የእንቁላልና የጤና ሒሳብ፦ ስለ ነፍሳት መራባትና በሽታ መከላከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጉዳዩ ባጭሩ ምንድን ነው?

አንዲት ዝንብ የምትበላው ምግብ ልክ አለው። ከዚያ ምግብ የምታገኘው ስብ፣ ስኳርና ፕሮቲን እንቁላል ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሰውነቷን ከባክቴሪያ፣ ከሻጋታና ከጥገኛ ተውሳክ የሚጠብቅ መከላከያ ሊሆን ይችላል። አንዴ እንቁላል ውስጥ የገባ ፕሮቲን ግን ተመልሶ ባክቴሪያ አይገድልም። ስለዚህ ብዙ እንቁላል የምትጥል ዝንብ በሽታ ሲያገኛት ቶሎ ትሞታለች፤ በሽታን በርትታ የተዋጋችው ደግሞ እንቁላሏ ያንሳል። በደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ሒሳብ አስተማሪ ሳያስፈልገው ያውቀዋል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ በሚወጣበት ወር ጣሪያው ቢያፈስም ቆርቆሮ አይገዛም።

ይህ የደመወዝ ምሳሌ ደስ ይላል፤ እኔም ሳስተምር እጠቀምበታለሁ። እውነትነቱ ግን ግማሽ ነው። የቀረው ግማሽ ከታች ይመጣል።

ለመሆኑ ነፍሳት በሽታን የሚከላከሉበት ሥርዓት አላቸው እንዴ?

አላቸው፤ ያውም ጠንካራ። እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካላትን አይሠሩም እንጂ ባክቴሪያን የሚገድሉ ትንንሽ ፕሮቲኖችን በሰዓታት ውስጥ ወደ ደማቸው ይረጫሉ። በ1981 በስዊድን የሐንስ ቦማን ቡድን ከአንድ ትልቅ የእሳት እራት ደም ውስጥ ሴክሮፒን የተባለውን እንዲህ ያለ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ። በ1996 ደግሞ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የዡል ሆፍማን ቡድን ቶል የተባለው ዘረመል የተበላሸባት ዝንብ ሻጋታን መቋቋም እንደማትችል አሳየ። ሻጋታው ሰውነቷን እንደ ጥጥ ሸፍኖት የሞተችውን ዝንብ ፎቶግራፍ የዘርፉ ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ሆፍማን በ2011 የኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የተጋራው በዚህ ሥራ ነው።

ሌላኛው መንገድ በዓይን የሚታይ ነው። አባጨጓሬ በእሾህ ሲወጋ ቁስሉ ቶሎ ይጠቁራል። ያ ጥቁር ነገር ሜላኒን ነው። ጥገኛ ተርብ እንቁላሏን በአንዲት እጭ ሰውነት ውስጥ ብትጥል የእጯ የደም ሴሎች እንቁላሉን ከበው ይለጠፉበትና በሜላኒን ያጠቁሩታል፤ የተርቧ ልጅ በተወለደችበት ታፍና ትሞታለች። ሥራው ግን ጣጣ አለው። ሜላኒን ሲሠራ አብረው የሚወጡት ኬሚካሎች መርዛማ ስለሆኑ የባለቤቷን ሥጋም ይጎዳሉ። ስለዚህ ወጪው የምግብ ብቻ አይደለም።

መከላከያው በእርግጥ ያን ያህል ውድ ነው?

ይህን በጣም ንጹሕ በሆነ መንገድ ያሳየው የያኒክ ሞሬና የፖል ሽሚድ-ሄምፐል የ2000 ሙከራ ይመስለኛል። ባምብልቢ የሚባሉትን ወፍራምና ጸጉራም የአውሮፓ ንቦች ወሰዱ። በሕይወት ያለ ጀርም አልሰጧቸውም፤ የወጓቸው ከባክቴሪያ ግድግዳ በተወሰደ ንጥረ ነገር ወይም ምንም በማያደርጉ ጥቃቅን የላቴክስ ዶቃዎች ነው። ማለትም በሽታ የለም፤ ንቧ ግን ተወርሬያለሁ ብላ ታስባለች። ምግብ ተከልክለው የተወጉት ንቦች ምግብ ተከልክለው ካልተወጉት ይልቅ በጣም ቶሎ ሞቱ። የገደላቸው መከላከያቸውን መቀስቀሳቸው ነው። እንደልብ የበሉት ግን ያን ያህል አልተጎዱም፤ ወጪውን በምግብ ሸፈኑት።

ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲታይም እንዲሁ ነው። ክራይቬልድና ጎድፍሬይ በ1997 ባወጡት ሥራ የፍራፍሬ ዝንቦችን ለጥገኛ ተርብ እያጋለጡ የዳኑትን ብቻ አራቡ። በ5 ትውልድ ውስጥ የተርቡን እንቁላል ማፈን የሚችሉት ዝንቦች ከ5 በመቶ ወደ 60 በመቶ ገደማ ደረሱ። ታዲያ እንዲህ ቀላል ከሆነ ዝንቦች ሁሉ ለምን ከመጀመሪያው ብርቱ አልሆኑም? መልሱ የተገኘው ምግብ ሲያጥር ነው። ብርቱዎቹ እጮች ከተራዎቹ ጋር በተጨናነቀ ዕቃ ውስጥ ሲሻሙ ተሸነፉ፤ አበላላቸውም የዘገመ ሆኖ ተገኘ።

እንቁላሉም መከላከያውም የሚሠሩት አንድ ቦታ ነው?

አዎ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ይህ ነው። ነፍሳት ጉበት የላቸውም፤ በምትኩ በሆዳቸው ዙሪያ የተነጠፈ ለስላሳ፣ ነጣ ያለ የስብ አካል አላቸው። ስብ የሚያከማቸው እሱ ነው። እንቁላልን የሚያወፍረውን የአስኳል ፕሮቲን የሚሠራው እሱ ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ገዳይ ፕሮቲኖችን የሚረጨውም እሱ ነው። ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ድስት ያለው ቤት ማለት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ከገጠሙ እህል ቢተርፍም ድስቱ ይጨንቃል። በፍራፍሬ ዝንብ ላይ እንደታየውም በስብ አካሉ ውስጥ የቶል መልእክት ሲበራ የኢንሱሊን መልእክት ይዳከማል፤ ዝንቧ ስብ ማጠራቀሟም ማደጓም ይቀንሳል።

ስሪያ ብቻውን ያዳክማል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ማስረጃው የበዛውም በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ነው። ይህች ዝንብ ማለት ጠጅና ጠላ ባለበት የማትጠፋው፣ የበሰለ ሙዝ ላይ የምታንዣብበው ደቃቃዋ ድሮሶፊላ ናት። በቤተ ሙከራ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው። ጫፏ እንደ ጸጉር የቀጠነ መርፌ ባክቴሪያ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ይነከርና የዝንቧ ደረት በቀስታ ይወጋል። ከዚያ ዝንቦቹ በጠርሙስ ሆነው በየቀኑ የሞቱት ይቆጠራሉ። ወንድ ያገኙት ሴቶች ካላገኙት ይልቅ በብዛት ይሞታሉ፤ በደማቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ይበዛል።

ምክንያቱ ከወንዱ ዘር ጋር አብሮ የሚመጣ፣ 36 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው የጾታ ፔፕታይድ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ነው። ይህ ነገር ሴቷ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጠባይዋ ይለወጣል፦ ሌላ ወንድ ሲጠጋት ትገፋለች፣ ብዙ ትበላለች፣ እንቁላል መጣል ታፋጥናለች። ከአንጎል ጀርባ ያለች ትንሽ ዕጢም ጁቨናይል ሆርሞን የተባለውን እንድታመነጭ ያደርጋል። ሆርሞኑ የስብ አካሉን ወደ አስኳል ሥራ ያዞረዋል፤ መከላከያው ይቀዘቅዛል። የብራያን ላዛሮ ቡድን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ይህን እስከ ሆርሞኑ ተቀባይ ድረስ ተከትሎ በ2017 አሳይቷል። ወንድ አይታ ለማታውቅ ዝንብ እንኳ ሆርሞኑን የሚመስል ኬሚካል ቢሰጧት በሽታን የመቋቋም አቅሟ ይወርዳል።

ከዚያ ቀደም ብለው፣ በ2002፣ የንስ ሮልፍና ማይክል ሲቫ-ጆቲ ዱቄት ውስጥ በሚራባው ጥንዚዛ ላይ ተመሳሳይ ነገር አግኝተው ነበር። ከስሪያ በኋላ ሜላኒን የሚሠራው ኢንዛይም ይቀንሳል፤ እዚያም የመራው ይኸው ሆርሞን ነበር። ዝንብና ጥንዚዛ የተለያዩት እጅግ ረጅም ዘመን በፊት ስለሆነ ይህ መመሳሰል ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲያውስ ዋናው ነገር የኃይል እጥረት ነው ወይስ የሆርሞን ትእዛዝ?

ከላይ የደመወዝ ምሳሌው ግማሽ እውነት ነው ያልኩት ለዚህ ነው። ብዙ ጽሑፎች «ኃይል አለቀባት» ብለው ያልፉታል። ነገር ግን በቤተ ሙከራው ጠርሙስ ውስጥ ያለችው ዝንብ ምግብ ሞልቶላታል፤ ጎተራዋ ባዶ አይደለም። መከላከያዋ የሚቀንሰው የሚከፈለው ስላጣች ሳይሆን ቀንሺ የሚል ትእዛዝ ስለመጣላት ነው። የሠርግ ቀን የተቆረጠለትን ቤት አስቡ። ገንዘቡ ገና ሳጥን ውስጥ አለ፤ ባለቤቶቹ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ማበደር ያቆማሉ፣ ሌላውን ወጪ ሁሉ ይቀንሳሉ። እስኪያልቅ ቢጠብቁ ይዘገያሉ።

የዝንቧ ቅድመ አያቶች የኖሩት ሙዝ በማይጠፋበት ጠርሙስ ውስጥ አልነበረም። ምግብ ዛሬ ተገኝቶ ነገ በሚታጣበት ዱር አስቀድሞ የሚቆርጥ ሰውነት ልጅ ያተርፋል። ያ ልማድ ጠግባ በምትኖረው ልጃቸውም ውስጥ ቀርቷል።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። እንቁላል የሚሠራው ዘር ሴላቸው እንዳይኖር ተደርገው ያደጉ ሴት ዝንቦች ስሪያ ቢፈጽሙም አይዳከሙም። ስለዚህ ትእዛዙ ብቻውን አይሠራም፤ ተቀብሎ የሚፈጽም እንቁላል ማምረቻ ያስፈልጋል። የኃይል ሒሳቡ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሒሳቡ የሚሠራው ወጪው ከመድረሱ በፊት ነው ማለቴ ነው።

ትእዛዙን የላከው ማን እንደሆነም ልብ በሉ። ወንዱ ነው። ለእሱ የሚጠቅመው አሁን የሚጣለው እንቁላል ነው፤ ከሳምንት በኋላ እሷ ብትታመም ጉዳቱ የእሷ ነው። አንዳንዶች ይህን ክፋት ያለበት ተንኮል አድርገው ይተርኩታል። ዝንብን በሥነ ምግባር መዳኘት አይጥመኝም፤ የሁለቱ ጥቅም አንድ አለመሆኑ ግን ግልጽ ነው።

ወንዶቹስ አይከፍሉም?

ይከፍላሉ። ማኪንና ነኒ በ2001 እንዳሳዩት ከብዙ ሴቶች ጋር የተደረጉ ወንድ የፍራፍሬ ዝንቦች በሰውነታቸው የተረጨውን ባክቴሪያ የማጽዳት አቅማቸው ቀንሷል። መሽኮርመምና ማሳደድ ራሱ ሥራ ነው።

የታመመች ነፍሳት እንቁላል መጣል ታቆማለች?

አብዛኛውን ጊዜ ትቀንሳለች። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ እኔ በዚህ ርዕስ ውስጥ የምወደው ክፍልም ይኸው ነው። ማታ ማታ ሣር ውስጥ የሚንጫጩት የፌንጣ ዘመዶች ላይ ሼሊ አዳሞ በ1999 ባወጣችው ሥራ አደገኛ ባክቴሪያ የተወጉ ሴቶች እንቁላላቸውን ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም። ለነገ የሚቆጠብ ነገ ካለ ነው። ሞት የቀረበ ከመሰለ ያለውን ሁሉ በእንቁላል ላይ ማፍሰስ ያዋጣል። ወጣቷና የመዳን ተስፋ ያላት ግን ብትታገስ ይሻላታል፤ ዳግም ትወልዳለችና። ስለዚህ ያው በሽታ በአንዷ ላይ እንቁላል ሲያስቀንስ በሌላዋ ላይ ሊያስጨምር ይችላል፤ ዕድሜዋንና ሁኔታዋን ሳያውቁ አስቀድሞ መናገር ይከብዳል።

ይህ ነገር ከወባ ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ ይገናኛል። በኢትዮጵያ ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አራቢየንሲስ ናት፤ እጅግ የተጠናችው የቅርብ ዘመዷ ደግሞ አኖፌለስ ጋምቢዬ ናት። ሴቷ ደም የምትጠጣው ለእንቁላሏ ነው፤ ወንዱ ደም አይጠጣም። ጠጥታ ስትጨርስ ሆዷ ቀልቶ ይነፋና ከብዶባት ግድግዳ ላይ ታርፋለች። በዚያች ሌሊትና በማግስቱ ሰውነቷ ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ይካሄዳል። የስብ አካሏ የአስኳል ፕሮቲን እያመረተ ወደ እንቁላሎቿ ይልካል። ከደሙ ጋር የገባው የወባ ተውሳክ ደግሞ የአንጀቷን ግድግዳ ሰርስሮ ለመውጣት ይሞክራል።

በደሟ ውስጥ ቴፕ1 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ተውሳኩ ላይ ተለጥፎ ይገድለዋል። በ2010 የወጣ ጥናት እንዳሳየው የአስኳሉ ፕሮቲንና ስብ አመላላሹ ፕሮቲን እንዳይሠሩ ሲደረግ ቴፕ1 ተውሳኩ ላይ የመለጠፍ አቅሙ ይጨምራል። በሌላ አነጋገር ትንኟ በእንቁላሏ ስትጠመድ ለወባ ተውሳክ ሽፋን ትሰጠዋለች። ተውሳኩ ሰዓቱን ያገኘው በአጋጣሚ አይመስልም።

ዋጋው በተቃራኒውም ይከፈላል፤ ተውሳኩን የተሸከመች ትንኝ የምትጥለው እንቁላል ያንሳል።

የንብ ንግሥትስ? በቀን ከሺህ በላይ እንቁላል እየጣለች እንዴት ለዓመታት ትኖራለች?

ከንብ አናቢዎች የሚመጣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሠራተኛዋ በሥራ ወቅት የምትኖረው ጥቂት ሳምንታት ነው፤ ያው ዘረመል ያላት ንግሥት ግን ዓመታት ትቆያለች፣ ያውም እየወለደች። ሒሳቡ የፈረሰ ይመስላል። የፈረሰ ግን የለም፤ የሚከፍለው ሌላ ነው። ንግሥቲቱ ቀለብ ፍለጋ አትወጣም፤ ሠራተኞቹ ከራሳቸው ዕጢ የሚያመነጩትን ምግብ ያጎርሷታል፤ የሞቱና የታመሙ እጮችን ከቀፎው ጎትተው ይጥሉላታል። በሷ ቦታ ቀፎው ሁሉ ይከፍላል።

ደግሞ የአስኳሉ ፕሮቲን በንብ ላይ ሁለት አገልግሎት አለው። በ2015 የወጣ ጥናት ይህ ፕሮቲን የባክቴሪያ ቁርጥራጮችን ይዞ ወደ እንቁላሉ እንደሚያስገባ አሳይቷል። ልጆቿ ገና ሳይፈለፈሉ ከጠላት ምልክት ጋር ይተዋወቃሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ እንቁላልና መከላከያ ተፎካካሪ ሳይሆኑ አንድ ጋሪ የሚጎትቱ ሆኑ።

ከአሜሪካ ሐሩር ክልል ከሚመጣው ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ላይ ግን ወጪው በግልጽ ታይቷል። ንግሥቲቱ የወንዶችን ዘር የምትቀበለው በሕይወቷ መጀመሪያ ላይ በአንድ የሠርግ በረራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሕይወት አቆይታ በጥቂት በጥቂቱ ትጠቀምበታለች። በ2006 እንደታየው ብዙ ዘር ያጠራቀሙት ወጣት ንግሥቶች ባዕድ ነገርን ከብቦ የማፈን አቅማቸው የደከመ ነበር። የሌላ ሰው ሀብት ማስቀመጥም ኪራይ አለው።

ትኋንን ለምን ለብቻዋ ትጠቅሷታላችሁ?

ከሁሉ የተለየች ስለሆነች ነው። ወንዱ ትኋን የሴቷን ሆድ እንደ መርፌ በሹል አካሉ ይበሳና ዘሩን በቀጥታ ወደ ደሟ ይረጫል። በየስሪያው ቆዳዋ ይቀደዳል፤ ቆሻሻና ባክቴሪያ አብሮ ይገባል። በሆዷ ቀኝ በኩል፣ ወንዱ ሁልጊዜ በሚወጋበት ቦታ፣ በደም ሴሎች የተሞላ ልዩ አካል አዳብራለች፤ ቁስሉ ከመድረሱ በፊት ወታደር የሰፈረበት በር በሉት።

ወንዱ የሚፈልጋት ደም ጠጥታ ከጠገበች በኋላ ነው። በ2019 እንደታየው ሴቷ የምትመገብበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ወንድ ገና ሳይነካት፣ ባክቴሪያ የሚያሟሟውን ላይሶዛይም ከፍ ታደርጋለች። ፍራፍሬ ዝንብ ስሪያ ሲመጣ መከላከያዋን ትቀንሳለች፤ ትኋን ስሪያ ከመምጣቱ በፊት ትጨምራለች። ሰውነት አስቀድሞ ያቅዳል የምለው ለዚህም ነው።

ምግብ ቢለወጥ ሒሳቡ ይለወጣል?

ይለወጣል፤ በተለይ ፕሮቲኑ። በምሥራቅ አፍሪካ ማሳን ጠርጎ የሚበላው የአፍሪካ ተምች ላይ በተደረገ ሙከራ ባክቴሪያ የተወጉ አባጨጓሬዎች እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸው ፕሮቲን የበዛበትን ምግብ አዘወተሩ፤ ፕሮቲን የበዛላቸውም በተሻለ ዳኑ። (በቅርብ ዓመታት በቆሎ ያስለቀሰን የአሜሪካው መጤ ተምች ሌላ ዝርያ ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ይምታታል።)

ታዲያ ይህ የእንቁላልና የመከላከያ ሽሚያ ሁልጊዜ ለምን አይታይም? እኔ ያነበብኩት ጥናት ተቃራኒውን ይላል።

ሊል ይችላል። ኑሮን ተመልከቱ፦ ጥሩ ቤት ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥሩ መኪናም አለው። ይህን አይቶ ቤት መግዛት ለመኪና ገንዘብ አያሳጣም የሚል የለም፤ ሰውየው ገቢው ትልቅ ነው። ቫን ኖርድቫይክና ደ ዮንግ በ1986 ይህንኑ በሒሳብ ጻፉት። ከዱር የተሰበሰቡ ነፍሳት መካከል ጥሩ የበላችው ብዙ እንቁላልም ብርቱ መከላከያም ሊኖራት ይችላል፤ የተራበችው ሁለቱንም ታጣለች። ሽሚያው ያለው በአንዷ ሰውነት ውስጥ ነው እንጂ ጠግባ ባደረችውና ጦሟን ባደረችው መካከል አይደለም። ስለዚህ ጥናት ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምግቡ እኩል ነበር ወይ የሚለውን ይሁን።

ለሰውም ይሠራል?

ከዝንብ ተነሥቶ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት መናገር አይቻልም። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ሥርዓት የራሱ መንገድ ያለው ሌላ ትምህርት ነው።

በቤት ውስጥ ልናየው እንችላለን?

ግማሹን። የበሰለ ሙዝ በብርጭቆ አስቀምጡና ዝንቦች ሲገቡ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ከ10 ቀን በኋላ አዲስ ዝንቦች ይወጣሉ፤ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ብርዱ ያዘገየዋል። በወጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ሰውነታቸው ገና የገረጣ ሳለ፣ ሴቶቹን ለይታችሁ ግማሾቹን ብቻቸውን፣ ግማሾቹን ከወንድ ጋር አኑሩ። ወንዱ ትንሽና የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ስለሆነ ይለያል። ከጥቂት ቀን በኋላ የሁለቱን ብርጭቆ ሙዝ በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ፤ ከወንድ ጋር በነበሩት ላይ ነጫጭ፣ ከሩዝ በብዙ የሚያንሱ እንቁላሎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ በሌላው ላይ ጥቂት ብቻ። የመከላከያውን ክፍል ለማየት ግን ቀጭኗ መርፌ፣ ባክቴሪያና ቤተ ሙከራ ያስፈልጋሉ፤ ያንን በወጥ ቤት አትሞክሩት።